የሰፈፍ ሽታ ያለው ክፍል

በዚያ ዓመት ቤቴ መንገድ ላይ ነበር ማለት ይቻላል። ማለዳ ከፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ሚኒባስ እሳፈርና ግንባሬን መስታወቱ ላይ አስደግፌ፣ እንቅልፍም ንቃትም ወዳልሆነ ቦታ እሄዳለሁ። የበቆሎው ማሳ ከመስኮቱ ማዶ ወደ ኋላ ይፈሳል። ጉሙ ከወንዙ ተነስቶ ባሕር ዛፉን ወገቡ ላይ ይጠመጠምበታል። ረዳቱ "ማንኩሳ ወራጅ!" ሲል አንዴ ዓይኔን እገልጣለሁ፣ መልሼ እጨፍናለሁ። ወደ ቡሬ ስንቃረብ፣ ወቅቱ የበርበሬ ከሆነ፣ በየደጁ የተሰጣው ቀይ ነገር ዓይኔን ይሞላዋል። ሕልም ይሁን እውን ለመለየት አንድ ዘዴ ነበረኝ፤ ካስነጠሰኝ እውን ነው።

ሥራዬ መምህራንን ማገዝ ነበር። እኔ ራሴ ለረጅም ጊዜ እንግሊዝኛ አስተምሬአለሁ። በኋላ በየትምህርት ቤቱ አንድ አዲስ ክበብ ተቋቋመ። ተማሪዎች የራሳቸውን ሥራ ማሰብና መጀመር እንዲለምዱ፣ ሰው ፊት ቆመው እንዲናገሩ፣ ሲወድቁም ተነስተው እንዲሞክሩ የሚያግዝ ክበብ ነው ተባለ። እኔም ክበቡን የሚመሩትን መምህራን እየዞርኩ እንዳግዝ ተመደብኩ። እንዴት አድርጌ እንደማግዝ ግን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ከሄድኩባቸው ትምህርት ቤቶች ሁሉ ዛሬም በሐሳቤ የምመለስበት አንድ አለ። ከቡሬ መንገድ ወርደው በባሕር ዛፍ መሐል ትንሽ በእግር ከሄዱ በኋላ የሚገኝ፣ በአንዲት ትንሽ የገጠር ከተማ ዳር ያለ ትምህርት ቤት ነው። ክበቡን የሚመሩት የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ፤ ጡረታቸው የደረሰ፣ ጠጉራቸው የነጣ፣ ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት ነጭ ጋዋናቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው የሚውሉ ሰው።

"እንኳን ደህና መጡ፤ ግን በከንቱ ደከሙ" አሉኝ፣ በመጀመሪያው ቀን፣ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ወንበር እየሳቡልኝ። "እኔ ዕድሜ ልኬን ደመወዝ ጠብቄ የኖርኩ ሰው ነኝ። ነግጄ አላውቅም፣ አምርቼ አላውቅም። ክበቡን የሰጡኝ ክፍለ ጊዜዬ ጥቂት ስለሆነ ነው። ያልኖርኩትን ምን ብዬ ላስተምር?"

"አያስተምሯቸው" አልኳቸው። "ይጠይቋቸው።"

"ምን ብዬ?"

"መልሱን እርስዎም የማያውቁትን ነገር።"

ወንበራቸው ላይ ተደላድለው ተቀመጡ። ከዚያ ፈገግ አሉ። "እመቤቴ፣ እኔ መልሱን የማላውቀውን ጥያቄ ለተማሪ ጠይቄ አላውቅም። እንዲህ ያለ አስተማሪ በእኛ ጊዜ መሳቂያ ነበር።"

"አሁንም መሳቂያ ሊያደርግ ይችላል" አልኳቸው። እውነቴን ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት ክበቡ ተሰበሰበ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ክፍሉ ውኃ ውስጥ የገባ ያህል ይሰማል፤ የልጆቹ ድምፅም ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ። መምህሩ ጠመኔ እንደያዙ ተማሪዎቹን ፊት ለፊት አይተው ጠየቁ።

"በየቀኑ በአጠገባችሁ የሚያልፍ፣ ማንም ቁም ነገር ብሎ የማያየው ነገር ምንድን ነው?"

ማንም አልመለሰም። መምህሩ ዝምታው ከብዷቸው ራሳቸው ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ ከኋላ ራሴን በአይሆንም ነቀነቅኩ፤ ዘጉት። ቆይቶ አንዱ "የበቆሎ ቆረቆንዳ" አለ። ሌላው "የወደቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል" አለ። ከዚያ በመስኮቱ በኩል ያለችው ልጅ እጇን እስከ ጆሮዋ ብቻ አነሳች። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ማድረግ የምትወድ።

"ሰፈፍ" አለች።

ጠጅ ሲጣል ሰሙ ከማሩ ተለይቶ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ሰፈፍ የሚሉት እርሱን ነው። ከጠጅ ቤት ውጭ ብዙ ሰው አያስታውሰውም። ከኋላዋ የተቀመጠው ልጅ ግን ወዲያው አስታወሰና "የጠጅ ቤት ልጅ ናታ!" አለ። ክፍሉ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ዝናብ ያሰለቻቸው ልጆች ሳቅ ነበር። እርሷ ግን ደብተሯን ሰበሰበችና ቀስ ብላ ወጣች። በመስኮቱ በኩል ነጠላዋ እየራሰ፣ እየጠበበ፣ ዝናቡ ውስጥ ሲጠፋ አየሁት።

መምህሩ ልጁን አልተቆጡትም። ጠመኔውን አስቀምጠው ክበቡን በተኑ። ከዚያ ወደ እኔ መጡና ለመጀመሪያ ጊዜ "አንቺ" አሉኝ።

"አየሽ ልጄ? በጥያቄያችን ልጅቱን ከነእናቷ አደባባይ አወጣናት።"

ቅዳሜ ወደ ቤቷ አብረን ሄድን። ሐሳቡ የእርሳቸው ነበር። ጋዋናቸውን ትተው ጋቢ ለብሰው ሲመጡ ሌላ ሰው መሰሉኝ። ጠጅ ቤቱ ጠዋት ስለሆነ ጠጪ አልነበረውም። ታጥበው በአፋቸው የተደፉት ብርሌዎች ግቢው ውስጥ ተደርድረው ፀሐይ ትገባባቸዋለች፤ የጭቃው ግድግዳ ላይ ቢጫና አረንጓዴ ብርሃን ይንቀጠቀጣል። እዚያ ደጅ ላይ ቆሜ የመጣሁበትን ጉዳይ ለአፍታ ረሳሁት።

"ኖሩ!" አሉ እናትየዋ፣ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው።

"በእግዚአብሔር!" አልን።

አጎዛ አነጠፉልን። አልተቀመጡም። "ልጄ አጠፋች?" አሉ፣ መምህሩን እያዩ።

"እርሷ አላጠፋችም፣ እትዬ። ያጠፋነው እኛ ነን" አሉ መምህሩ። ጥያቄውን፣ መልሱን፣ ሳቁን ሳያጎድሉ ነገሯቸው።

እናትየዋ ለረጅም ጊዜ ብርሌዎቹን ሲያዩ ቆዩ። "ሰፈፍ አለች?"

"አዎ።"

"በሰው ሁሉ ፊት?"

"በሰው ሁሉ ፊት።"

"እኔ ለዚች ልጅ" አሉ ቀስ ብለው፣ "እናትሽ ምን ትሠራለች ሲሉሽ፣ ትነግዳለች በይ ነው ያልኳት። ጠጅ ትጥላለች እንዳትይ ብዬ አስጠንቅቄያታለሁ። እርሷ ተነስታ ሰፈፍ ትበል?" የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየሳቁ ነው። ዓይናቸው ግን እንባ ሞልቶበታል።

ልጅቱ ከጓዳ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። መምህሩ አዩዋትና እንደ ትልቅ ሰው ሰላም አሏት። ከዚያ ሐሙስ ዕለት ሊጠይቋት የነበረውን ጠየቋት።

"ሰፈፉን ምን ልናደርገው አስበሽ ነበር?"

"ጧፍ" አለች። ድምፅዋ አይሰማም ነበር። ስትቀጥል ግን እየጠራ መጣ። "ለበዓል ከገበያ የምንገዛው ጧፍ ያጨሳል፣ ቲቸር። ሲነድም ላስቲክ ላስቲክ ይላል። የእኛ ሰም ግን ማር ማር ነው የሚሸተው። ግቢ ውስጥ ተከምሮ አልፎ አልፎ ሰብሳቢ ይወስደዋል እንጂ ማንም አይነካውም።"

መምህሩ ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ነገር ስም ልሰጠው አልችልም። አንድ ሰው ለብዙ ዓመት ያለፈበትን በር ከፍቶ ሲያየው የሚመስል ነገር ነበር።

በሚቀጥለው ሐሙስ እናትየዋ ራሳቸው መጡ። የእረፍት ሰዓት ነበር፤ ተማሪው ሁሉ ግቢ ውስጥ ነው። ንጹሕ ነጠላ ለብሰው፣ ቅርጫት ተሸክመው፣ በሰንደቅ ዓላማው አጠገብ በተማሪው መሐል በቀስታ አለፉ። ክፍላችን ገብተው፣ የክበቡ ልጆችም ተከትለዋቸው ሲቀመጡ፣ ቅርጫቱን የመምህሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና የሸፈኑበትን ጨርቅ ገለጡት።

"የጠጅ ቤት ሰፈፍ ነው" አሉ። "የሚያሳፍር ነገር ካለው እዩት።"

ማንም አልሳቀም። ቢጫው ሰም እንደ ተቆራረጠ ዳቦ ተከምሮ ነበር፤ ሽታው ክፍሉን ሞላው። ባለፈው የሳቀው ልጅ ከወንበሩ ተነሳና ተመልሶ ተቀመጠ። ልጅቱ እናቷን አላየቻቸውም። አንድ ቁራጭ ሰም አንስታ ለፊተኛው ወንበር አቀበለች፤ ከእጅ እጅ እየዞረ እኔ ድረስ መጣ። ሞቅ ያለ ነበር፤ የልጆቹ ጣቶች ምልክት አርፎበታል።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ሳስታውሳቸው ቅደም ተከተላቸው ይምታታብኛል። የማስታውሰው ቀለማቸውን ነው። ጢስ፣ ማር፣ ዝናብ የጠጣ ጨርቅ፣ ከሰዓት በኋላ የምትመጣ ቢጫ ፀሐይ። ልጆቹ የመጀመሪያውን ሰም ድስቱን በቀጥታ እሳት ላይ ጥደው አቃጠሉት፤ ጠቁሮ የተጠበሰ ነገር ሆነ። መምህሩ የኬሚስትሪ ሰው ናቸው፤ ምን እንደተበላሸ ገና ሰሙ እሳት ላይ ሳለ ያውቁት ነበር። ሊናገሩ ሲሉ ራሳቸውን ያዙና ወደ በረንዳው ወጡ። ተከትያቸው ወጣሁ።

"ዝም ማለት እንዲህ ያደክማል?" አሉኝ፣ ግድግዳውን ተደግፈው።

"ከማስተማር ይበልጥ ያደክማል።"

"አንድ ቃል ብናገር ያልቅ ነበርኮ። ድስቱን ውኃ ላይ ጣዱት ማለት ብቻ ነው።"

"ከዚያስ?"

አሰብ አደረጉ። "ከዚያማ ለሚቀጥለውም ይጠብቁኛል።"

ተመልሰው ገቡና "ምን አያችሁ?" ብቻ አሉ። ልጆቹ ተከራከሩ፣ ተጣሉ፣ አንዷ አለቀሰች። በሚቀጥለው ሳምንት ትልቅ ድስት ውኃ ጥደው ትንሹን ውስጡ አስቀመጡት። ሰሙ ቀስ ብሎ፣ ሳይጮህ፣ ቀለጠ። በጨርቅ አጠለሉት። የጥጥ ክር ሰሙን እያጠጡ ገበታ ላይ ሲያንከባልሉት ጧፍ መሰለ። ጠማማ ነበር፤ አንዳንዱም እንደ ጅራፍ አንድ ጫፉ ይወፍራል። መምህሩ አንዱን አንስተው ወደ ብርሃኑ ያዙትና ምንም ሳይሉ መልሰው አስቀመጡት። ጋዋናቸውን ትተው መምጣት የጀመሩት በዚያ ሰሞን ይመስለኛል።

ጧፉ ሲበረክት፣ ልንሸጠው ወደ ማን እንሂድ የሚል ጥያቄ መጣ። ወደ ደብሩ አስተዳዳሪ እንሂድ ተባለ፤ የሩቅም የቅርብም ሰው የሚፈራቸውና የሚያከብራቸው አባት ናቸው። ልጆቹ በአንድ ድምፅ "ቲቸር፣ እርስዎ ይናገሩልን" አሉ። መምህሩና አስተዳዳሪው የልጅነት ጓደኛሞች ነበሩ፤ አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

"እኔ ከተናገርኩ ጧፉ የእኔ ይሆናል" አሉ መምህሩ። "ከመካከላችሁ ሰው ምረጡ።"

ልጅቱን መረጡ። መጀመሪያ ስሟን የጠራው ያ የሳቀባት ልጅ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሄድን። ዝናቡ አባርቶ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ጥዱና ወይራው ውኃ ያንጠባጥባሉ፤ ከፍ ብሎ የሚታይ ነገር የለም፣ ሁሉ ነገር በአረንጓዴ ጥላ ውስጥ ነው። አስተዳዳሪው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። መስቀል ተሳለምን። ልጅቱ ጧፉን በሁለት እጇ አቀረበች። ተቀብለው አሸተቱት።

"ሰሙ ከየት የመጣ ነው፣ ልጄ?"

ከማር ነው ብትል ውሸት አይሆንባትም። መምህሩም ከጎኔ እንደ እኔ እንደጨነቃቸው ይታወቀኝ ነበር።

"ከእናቴ ጠጅ ቤት ነው፣ አባታችን" አለች። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነበር፤ አፏን አልሸፈነችም።

አስተዳዳሪው ጧፉን በጣታቸው አገላበጡት። "ንብ" አሉ በመጨረሻ፣ "አበባ ልትቀስም ስትወርድ፣ ማሳው የማን ነው ብላ ጠይቃ አታውቅም።" ከዚያ አንዱን ጧፍ ለይተው አበሩትና የድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ አቆሙት። "በሉ ተቀመጡ። እስኪያልቅ እንየው።"

ርጥብ ሣር ላይ ተቀመጥን። ነበልባሉ ትንሽ፣ ቀጥ ያለ፣ በቀን ብርሃን የማይታይ የሚመስል ነበር፤ አየሩ ብቻ በዙሪያው ይርገበገባል። ማር ማር ሸተተን። አንዲት ንብ መጥታ ዞረችና ሄደች። ከሩቅ እረኛ ከብት ሲጠራ ሰማሁ፣ ከዚያ እርሱም ቀረ። ጊዜው የት እንደሄደ አላውቅም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እዚያ ሣር ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ፤ እናቴም በሕይወት ያለች፣ ከጥዱ ጀርባ የምትጠራኝ መሰለኝ።

ጧፉ ግማሹ ላይ ጢስ አለና ጠፋ።

ልጆቹ ደነገጡ። መምህሩ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ቃል አልወጣቸውም። ልጅቱ ወደ ጧፉ ጠጋ ብላ አየችው፣ ክሩን በጣቷ ነካችው።

"ክሩ ርጥበት ይዟል፣ አባታችን" አለች። "ዝናብ ስለበዛ በደንብ አልደረቀልንም። አድርቀን ሌላ ይዘን እንመለስ?"

አስተዳዳሪው ሳቁ። "ተመለሱ ልላችሁ ነበር፤ ቀደምሽኝ" አሉ። ተነስተው ሁላችንንም ባረኩን።

ስንመለስ መምህሩ ከኋላ ቀሩ። ልጆቹ ከፊት በባሕር ዛፉ መሐል እየተጯጯሁ፣ ስለ ክር እየተከራከሩ ይሄዳሉ፤ እንደወደቀ ሰው የሚያዝን አንድም አልነበረም።

"ሰማሻት?" አሉኝ። "እኔ ብሆን ኖሮ 'ይቅርታ' ነበር የምለው። ሕይወቴን ሙሉ እንደዚያ ነው ያልኩት። እርሷ ግን 'እንመለስ' አለች።" ጥቂት ሄደን ደግሞ፣ "ይህን እኔ አላስተማርኳትም" አሉ።

"ቦታውን ለቀቁላት እንጂ" አልኳቸው። ዓይናቸው ግን ከፊት ከሚሄዱት ልጆች ላይ ነበር።

ክሩን ክፍሉ ጣሪያ ሥር ወዲህና ወዲያ ዘርግተው አደረቁት። ለብዙ ቀን ሒሳብም ታሪክም የተማሩት በነጭ ክር ሥር ነበር። በሁለተኛው ጉዞ ጧፉ እስከ ድንጋዩ ድረስ ነደደ፤ ደብሩም ለሚመጣው ክብረ በዓል ጧፉን ተቀበላቸው። የበዓሉ ዕለት ማለዳ ሄድኩ። ሰዉ በጉሙ ውስጥ ነጭ ሆኖ ቆሟል፤ ጧፉ በየእጁ ነው፤ ብርሃኑ ብቻውን በአየር ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል። የልጅቱ እናት ከቅጥሩ በር አጠገብ፣ ሁልጊዜ በሚቆሙበት ቦታ ቆመው አየኋቸው። ጧፋቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሰላም ልላቸው ፈልጌ ነበር፤ ግን ተውኳቸው።

ነገሩ ሁሉ እንዲህ ባማረበት ቢያበቃ ደስ ይለኝ ነበር። ከበዓል ውጭ ጧፉን ብዙ ሰው አልፈለገውም፤ አንዳንድ ልጆች ሰልችቷቸው ክበቡን ተዉት። ከዚያ ክፉ ጊዜ መጣ፤ መንገድ ተዘጋ፣ ትምህርት ቤቱም ተዘጋ። እኔም ፍኖተ ሰላም ቤቴ ውስጥ ተቀምጬ፣ ሚኒባሱንና የበርበሬውን ቀለም በሐሳቤ ብቻ እያየሁ ወራት አለፉ። መብራት ሲጠፋ ለቀናት ይጠፋ ነበር። ልጆቹ የት እንዳሉ አላውቅም ነበር።

መንገዱ ሲከፈት መምህሩን ፍኖተ ሰላም ገበያ ውስጥ አገኘኋቸው። ጡረታ ወጥተው ነበር፤ ከስተዋል፣ ግን ዓይናቸው ደህና ነው። ከገበያው ወጥተን አንድ ዛፍ ሥር ቆመን ተጨዋወትን። ትምህርት ቤቱ በተዘጋበት ወቅት ልጅቱ ከሌሎች ሁለት ጓደኞቿ ጋር እናቷ ግቢ ጧፍ መሥራቷን እንዳላቆመች ነገሩኝ። መብራት ስላልነበረ ሰፈሩ የሚያነበው፣ የሚበላውም፣ የሚጸልየውም በእነርሱ ጧፍ ብርሃን ነበር አሉ። ከዚያ ቡሬ ሄዳ የሙያ ትምህርት ጀምራለች። አሁን የምታስበው ስለ ጧፍ ሳይሆን ስለ ማር ነው፤ ማሩን አጣርቶ፣ አሽጎ፣ ሩቅ አገር ስለመላክ። የሳቀባት ልጅ ደግሞ ከአባቱ መሬት ዳር ቀፎ ሰቅሏል፤ ማሩን የሚያስረክበው ለልጅቱ እናት ነው።

"እርስዎስ?" አልኳቸው።

"እኔማ" አሉና ፈገግ አሉ፣ "የሰፈሩን ልጆች ደጄ ላይ ሰብስቤ እጠይቃቸዋለሁ። አንድም ነገር አላስተምራቸውም።" ከዚያ ፊታቸው ረጋ አለ። "አንቺስ ልጄ? ይህን ሁሉ ዘመን ሰውን ጀምር ስትይ ኖርሽ። አንቺ ምን ልትጀምሪ አሰብሽ?"

ለመቀለድ ሞከርኩ። አልሳቁም፤ ዝም ብለው ጠበቁ። ያ ዝምታ እንዴት እንደሚከብድ የዚያን ጊዜ አወቅሁት። የገበያው ጫጫታ ከሩቅ ይመጣል፣ ቅጠሉ ጭንቅላታችን ላይ ይንሿሿል። ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ነገር ራሴን ስናገር ሰማሁት። ከእናቴ የወረስኩት ቤት በመንገዱ በኩል ባዶ ክፍል እንዳለው፣ ለዓመታት ያጠራቀምኳቸው መጻሕፍት በሣጥን ታሽገው እንዳሉ፣ ክፍሉን ከፍቼ ልጆች ገብተው የሚያነቡበት ቤት ላደርገው እንደምመኝ ነገርኳቸው።

"ምን ያግድሻል?" አሉ።

በዚያው ማታ የመጀመሪያውን ሣጥን ከፈትኩ።

አሁን ቅዳሜና እሑድ የዚያ ክፍል በር ክፍት ነው። መደርደሪያውን የሠራው አናጺ ትንሽ አጋድሎታል፤ መጻሕፍቱ ወደ አንድ ወገን ተኝተዋል። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሲጀምር ልጆቹ ወንበራቸውን ከመስኮቱ ያሸሻሉ። ዛሬ ከመካከላቸው አንዲት ትንሽ ልጅ መጽሐፉን ደረቷ ላይ ገልብጣ እንቅልፍ ወስዷታል። ሌሎቹ እንዳይቀሰቅሷት በሹክሹክታ ያነባሉ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ እየበረታ ነው፤ እኔም በሩ አጠገብ ተቀምጬ ወደ ቡሬ የሚያልፉትን መኪኖች እመለከታለሁ።